ሾፌሩ ታስሯል፣ ሕፃናቱ ተለቀዋል!

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቦታው መገናኛ ይሁን፣ ሳሪስ አቦ ይሁን፣ ጦር ኃይሎች ይሁን ለውጥ የለውም። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ያነሳል፤ «የተማሪዎች ሰርቪስ» የሚል ወረቀት መስተዋቱ ላይ የለጠፈ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ ይቆማል። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ በመስኮት የሾፌሩን ደረት ያያል። ቀበቶ ታስሯል! መንጃ ፈቃድ አለ፣ ቦሎ አለ። «ሂድ» ይለዋል፣ ይሄዳል። ከሾፌሩ ጀርባ ግን ለአሥራ አንድ ሰው በተሠራ ቦታ ሃያ ምናምን ሕፃን ተጠቅጥቋል። ሦስቱ በሁለት ወንበር፣ ሁለቱ ሞተር ላይ፣ አንዷ ተንሸራታቹን በር ተደግፋ፣ ሁሉም ቦርሳና ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው። አንዳቸውም አልታሰሩም። የሚታሰሩበትም ነገር የለም።

ለመሆኑ ይህ ሕግ የማንን ነፍስ ነው የሚጠብቀው? ወዶ፣ ፈልጎ፣ ተከፍሎት መሪ የጨበጠውን ጎልማሳ አጥብቆ አስሮ፣ ሳይጠየቅ ታቅፎ የተጫነውን የአራት ዓመት ሕፃን ሜዳ ላይ የሚተው ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው? «ደንቡ እኮ አለ» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለ ወረቀቱ ከማንም ጋር አልከራከርም። ወረቀቱን ትታችሁ ወንበሩን ተመልከቱ። ነገ ጠዋት ልጃችሁን ስትሸኙ አንገታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡና ቀበቶ ፈልጉ። ካገኛችሁ እናንተ ዕድለኛ ናችሁ።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ፣ በጽሑፍ የሚከፈለኝ። የዚህን ጉዳይ ጫፍ ለመያዝ ጠዋት ጠዋት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ መቆም ጀመርኩ። ባለፈው ሰኞ ከአንድ ሚኒባስ ሲወርዱ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ አንድ ነበሩ። ሃያ ሁለተኛዋ ልጆቹን የምታወርደው ረዳት ናት፤ እሷም ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት የሚያልፍ አልመሰለኝም። ሾፌሩን ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ይኼ ሁሉ ልጅ በምን ገባ?» አልኩት። ሳቀ። «አለቃ፣ ሂሳቡ እኮ በጭንቅላት ነው» አለኝ። «አሥራ አንድ ልጅ ጭኜ የነዳጅም አይሸፍን። ደግሞ ትንንሾች ናቸው፣ ይጠጋጋሉ።»

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ ሲወርዱ እያንዳንዳቸውን በስም ይጠራቸዋል፣ የአንዱን የጫማ ክር ጎንበስ ብሎ አስሮለታል። ነገር ግን ሂሳቡ በጭንቅላት ነው! አንድ ጭንቅላት በተጨመረ ቁጥር ገቢ ይጨምራል፤ አንድ ቀበቶ በተገጠመ ቁጥር ደግሞ ቦታ ይቀንሳል። ምክንያቱም ቀበቶ ቆጣሪ ነው። አሥራ አንድ ቀበቶ ያለው መኪና አሥራ ሁለተኛ ልጅ ሲገባ ይናገራል። የጠሉት ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ሰበቡን ደግሞ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት አንደበት ሰማሁት። ቢሮአቸው ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዋንጫና የምስክር ወረቀት ተደርድሯል። ስማቸውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም። ጥያቄዬን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና፣ «ስማ ልጄ፣ አንተ ወጣት ነህ። አሜሪካን አገር ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ያ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንኳ ቀበቶ የለውም። አሜሪካ ያላደረገችውን እኛ እንድናደርግ ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ይህችን «አሜሪካም የለም» የምትል መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያሉ ዘመዶቻችንም በስልክ ይነግሩናል፤ ልጆቻቸው በቢጫው አውቶቡስ ያለቀበቶ ይሄዳሉ። እውነት ነው። ግማሽ እውነት ግን ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ታግሳችሁ ተከተሉኝ።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1977 ጀምሮ የሚሠራ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሁሉ እንዲያሟላ ያወጡት ደረጃ አለ። ትልቁን አውቶቡስ ያለቀበቶ የተዉት ልጆቹን ስለረሱ አልነበረም። ወንበሩን ራሱን መከላከያ አደረጉት። መደገፊያው ከልጁ ራስ ጋር እንዲስተካከል ከፍ አለ፣ ፊቱም ጀርባውም ስፖንጅ ለበሰ፣ ብረቱ ሲመታ እንዲለመጥ ተደርጎ ተሠራ፣ በወንበርና በወንበር መካከል ያለው ርቀት ጠበበ። አውቶቡሱ ሲጋጭ ልጁ ሄዶ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ለስላሳ መደገፊያ ላይ ነው። እንቁላል በካርቶኑ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። አውቶቡሱም አሥር ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ከመንገዱ ከፍ ያለ፣ አንድ ቤት አውቶሞቢል ቢገጨው ብዙም የማይነቃነቅ ግዙፍ ነገር ነው። በዚህ ዘዴ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ልጆች በየቀኑ ያመላልሳሉ፤ በውስጡ ተሳፍረው የሚሞቱት በዓመት በአማካይ ከአሥር አይበልጡም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ባለቤት ያልነገሩኝን ልንገራችሁ። ይኸው የ1977 ደረጃ ክብደታቸው ከአራት ቶን ተኩል ገደማ በታች ለሆኑት ትንንሽ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ቀበቶ ግዴታ ነው ይላል! ያኔ የወገብ ቀበቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደንቡ ተሻሽሎ ከ2011 ጀምሮ ለሚሠሩት ትከሻንም ወገብንም የሚይዘው ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንሽ መኪና ሲጋጭ ኃይለኛውን ምት የሚቀበለው እሱ ነው፤ ለስላሳ ወንበር ብቻውን አያድንም። ከዚህም አልፈው፣ ተማሪ ለማመላለስ ተብሎ የትምህርት ቤት አውቶቡስን ደረጃ ያላሟላ አዲስ ቫን ለትምህርት ቤት መሸጥ ለነጋዴው በሕግ ክልክል ነው።

እኛስ ልጆቻችንን በምን እያመላለስን ነው? በዶልፊን! በአባዱላ! ክብደቱ ከአራት ቶን ተኩል በታች በሆነ፣ አንዳንዱም ዕቃ ሊጭን ተሠርቶ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ አግዳሚ ወንበር በተበየደለት ቫን። መደገፊያው የልጁ ትከሻ ላይ የሚያልቅ፣ አናቱ ላይ ባዶ የብረት ቱቦ ያለው ወንበር። እንግዲህ ጋሼ ሁለት ጊዜ አሜሪካ ሄደው ያዩት ትልቁን ብቻ ነው። ትንሹን ቢያዩት ኖሮ የእርሳቸው መኪና እዚያ ለትምህርት ቤት መሸጥ እንኳ እንደማይችል ይረዱ ነበር። የአሜሪካን ስም የሚጠራ ሰው የአሜሪካንን ሕግ እስከ መጨረሻው ያንብብ!

ደግሞስ ትልቁም ቢሆን ነገሩ አልቆለታል ያለ ማን ነው? ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሚሠሩት አውቶቡሶች ላይ ቀበቶ እንዲኖር ደንግጋለች። ካሊፎርኒያም፣ ቴክሳስም በኋላ ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 በቻታኑጋ፣ ቴኔሲ፣ ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ ከፍጥነት ወሰን በላይ ሲበር ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠና ዛፍ ላይ ተጋጨ። ስድስት ልጆች ሞቱ። ቀበቶ አልነበረም። ያ የእንቁላል ካርቶን የሚሠራው ምቱ ከፊት ወይም ከኋላ ሲመጣ ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ግን እንቁላሉ ከካርቶኑ ይወጣል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አደጋውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ክፍለ ግዛቶቹ በአዲስ ትልልቅ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ላይ ትከሻና ወገብ የሚይዝ ቀበቶ ግዴታ እንዲያደርጉ ጠየቀ። እነሱ የሚከራከሩት ከጥሩ ወደ ተሻለ ለመሄድ ነው። እኛ ከየት ወደ የት እንደምንሄድ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የእንግሊዙ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1993 ለንደን ከሙዚቃ ዝግጅት ሲመለስ የነበረ የትምህርት ቤት ሚኒባስ በኤም 40 አውራ ጎዳና ላይ ከቆመ የመንገድ ጥገና መኪና ጋር ተጋጨ። አሥራ ሁለት ልጆችና መኪናውን ትነዳ የነበረችው መምህርት አለቁ። ያ ሚኒባስ ልጆቹ ወደ ጎን ዞረው የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ነበረው። የሟቾቹ ወላጆች እንደኛ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለው ፍራሽ ላይ አልቀሩም። የምክር ቤቱን በር አንኳኩ፣ ጋዜጣውን አስጮኹ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1997 ጀምሮ ልጆችን ለጉዞ የሚጭን ሚኒባስም ሆነ ትልቅ አውቶቡስ ለእያንዳንዱ ልጅ ወደ ፊት የዞረ ወንበርና ቀበቶ ሊኖረው ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት እንግሊዞችም ሦስት ሕፃን እንደ ሁለት ሰው ይቆጥሩ ነበር። «ትንንሾች ናቸው፣ ይጠጋጋሉ» የሚለው የሾፌራችን ሂሳብ እዚያም ሕጋዊ ሂሳብ ነበር ማለት ነው! በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ይቺን ሂሳብ ሰረዟት። አንድ ልጅ አንድ ሰው ሆነ። አሥራ ሁለት ሬሳ ካስቆጠረ በኋላ።

እኛ ስንት እስኪሆን ነው የምንጠብቀው? ወይስ ቁጥሩ አልሞላልንም?

«ከተማ ውስጥ ነው፣ በዝግታ ነው የሚሄዱት» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እስቲ ዝግታውን እንለካው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለቀለበት መንገድ ዝግታ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ድንገት ከግንብ ጋር ቢላተም፣ ያልታሰረ ልጅ የሚያገኘው ምት ከስድስት ሜትር በላይ ከፍታ ወድቆ መሬት ሲመታ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ይኸውም የኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ማለት ነው። በ50 ከሄደ አሥር ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ደረስን። ልጁን ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለመከለያ የሚያስቀምጥ ወላጅ አለ? የለም። እዚያማ ብረት አስበይደናል፣ ሽቦ አስጥረናል። በየጠዋቱ ግን ከዚያው ፎቅ አውርደን ከዚያው ፎቅ በሚያስወድቅ ፍጥነት እንልካቸዋለን።

«ታላቅየው ታናሹን ጭኑ ላይ ይይዘዋል» የሚለውም አይሠራም። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ እሱን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ሁለት ኩንታል ተኩል ለማንሳት ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ጎረምሳ ተሸካሚ የማይችለውን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንዲይዘው ነው የምንጠብቀው።

አንድ ሰበብ ግን በቁም ነገር ልመልስላት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የምታነሳት እናት ከልቧ ፈርታ ነውና። «መኪናው እሳት ቢነሳበት ልጄ ታስሮ ይቀርብኛል» ትላለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1988 ኬንታኪ ውስጥ ካሮልተን በሚባል ቦታ፣ ድሮ የትምህርት ቤት የነበረና የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የጫነ አውቶቡስ ሰክሮ በተቃራኒ መንገድ ከሚነዳ ሰው መኪና ጋር ተጋጨ። የነዳጅ ታንኩ ተቃጠለ። ሃያ ሰባት ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ማንም በቀበቶ አልታሰረም ነበር! የፊቱ በር በግጭቱ ተዘጋ፣ የቀረው የኋላው በር ብቻ ነበር፣ ወደ እሱ የሚያስኬደው መተላለፊያም ጠባብ ነበር። የፈጃቸው የመውጫ እጦት ነው። እህቴ፣ እሳት ከፈራሽ ቀበቶውን ትተሽ በሩን ጠይቂ። የልጅሽ ሚኒባስ ስንት በር አለው? አንድ ተንሸራታች። እሱንም መንገድ ላይ የተዘረጋው ታጣፊ ወንበር ዘግቶታል፤ ታጣፊው ላይ ደግሞ ሁለት ልጅ ተቀምጧል። የኋላው በር ከውስጥ ይከፈታል ወይ? ጠይቂ።

በቀበቶው ላይም ቢሆን «የሆነ ገመድ ይታሰር» እያልኩ አይደለም። ወገብን ብቻ የሚይዘው የድሮው ዓይነት ትንሽ ልጅ ላይ ሲሆን ሆድን ይጎዳል፣ ራስም ወደ ፊት ተወርውሮ ይመታል፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1984 አውቶቡስ አጋጭታ ፈትሻ ይህንኑ አይታ ነበር። ስለዚህ ትከሻና ወገብ የሚይዘው ነው የሚያስፈልገው፣ ለኬጂ ልጅ ደግሞ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ። ይህ ሦስት ቦታ የሚይዘው ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ለቮልቮ የሠራው ነው፤ ቮልቮም የፈለገ ሁሉ ይጠቀምበት ብሎ ለቀቀው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ነው። ከጨረቃ አምጡ አላልንም!

ወደ መንግሥት እንምጣ። ይህ ከተማ ልጆቹን ይህን ያህል ርቀት የሚያመላልሰው ለምን ይመስላችኋል? ሰዉ የት ገባ? የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። በ2016 ፒያሳ ፈረሰ፣ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ፤ ነዋሪው ዳር ዳር ወጣ። ድሮ በእግሩ የሚሄድ ተማሪ ዛሬ ሳይነጋ ተቀስቅሶ፣ ቁርሱን በእጁ ይዞ፣ ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፉን ይጨርሳል። የኮሪደር መብራት ተተከለ፣ ለብስክሌትም መንገድ ተለየ፤ ይበል ብለናል። ለተማሪው ግን የተጨመረለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

«አቅም የለንም፣ ለመቆጣጠር ያስቸግራል» ይሉናል። እንዴ! በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የታክሲ ተሳፋሪ በግማሽ ቀንሱ ተባለ፣ ቀነሰ። ወያላው ራሱ «አልጭንም፣ ያስቀጡኛል» እያለ ሰው ይመልስ ነበር። ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ሰዉ አጉረምርሞ ከፈለ። በ2011 መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክሎች ከአዲስ አበባ መንገድ በአንድ መመሪያ ጥርግ አሉ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ አይገባም ተባለ፤ አልቆለት የኤሌክትሪክ መኪና ከተማውን ሞላው። እንግዲህ በሩ ላይ ቆሞ የአገር መኪና በሙሉ በምን እንደሚሄድ መወሰን የቻለ መንግሥት፣ ሕፃን የሚጭን መኪና ወንበሩ ላይ ቀበቶ ይኑረው የሚል አንድ መስመር መጨመርና ማስፈጸም አቃተው ብለን እንመን? የፈለጉትን ሲያደርጉት አይተናል። ይህን አልፈለጉትም።

ባለፈው ወር ይህንኑ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ ተዉት። የመጀመሪያው ባለሙያ «ይኼ የትምህርት ጉዳይ ነው» አለኝ። ወደተመራሁበት ስሄድ ደግሞ «ተሽከርካሪ ከሆነማ የትራንስፖርት ነው» ተባልኩ። ሦስተኛዋ ሴትዮ የዋህ ነበሩ፤ «የእኔም ልጅ በሰርቪስ ነው የሚሄደው፣ ጻፍበት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጻፍኩበት፣ እትዬ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አንድ ቀን የሆነ ነገር ሲደርስ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የሐዘን መግለጫ ይወጣል፣ ለሁለት ሳምንት በየመንገዱ ሰርቪስ ይፈተሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ወላጁንም አልምረውም። በየመስከረሙ የሰርቪስ ክፍያ ሲጨመር ወመህ ስብሰባ ላይ የምንጮኸው ስለ ብሩ ብቻ ነው። ጭማሪውን ከፍለን ስንወጣ በጭማሪው ምን እንደተገዛ የጠየቀ አላየሁም። ሦስት ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መኪናው ስንት ወንበር አለው? ስንት ልጅ ይጭናል? ስንት ቀበቶ አለው? ሦስቱ እኩል ካልሆኑ ጭማሪውን አትክፈሉ። አንድ ወላጅ ብቻውን ቢጠይቅ «ካልተስማማዎት በራስዎ መኪና ያድርሱ» ይባላል፤ አርባ ሆነው ቢጠይቁ ግን ባለቤቱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አይገፉም።

ሾፌሩም በጭንቅላት መከፈሉ ይቅር። በጉዞ ይከፈለው፣ አሥራ አንድ ልጅ ቢጭንም ቤቱ እንዳይራብ። ያለዚያ ጋራዥ ገብቶ አሥራ አንድ ቀበቶ ቢገጠምለት እንኳ አሥራ ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ቀበቶውን ወንበሩ ሥር ይወትፈዋል። የቦሎ ምርመራ የሚያደርጉትም ሰዎች ፍሬንና መብራት ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይለፉና ወንበሩን በእጃቸው ይነቅንቁት፤ ብየዳው ይነግራቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ስም ማጥፋት ነው፣ ነገሩ ተጋኗል፣ መልስ አለኝ የሚል ባለሥልጣንም ሆነ የትምህርት ቤት ባለቤት ካለ ገጹ ክፍት ነው፣ ሳይቆረጥ ይወጣለታል። መልሱን ይዞ ሲመጣ ግን በሰርቪስ ይምጣ። ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይሳፈር። ኋላ ወንበር ላይ፣ ከሦስት ልጆች ጋር።